እልህ ያስዋጠው ዶቃ

አማትና ምራት በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ ጠብ የሚነሣው ብዙ ጊዜ በትልቅ ነገር አይደለም። በዚህ ቤት የተነሣው በአንድ ሳፋ ሩዝ ነው።

ምራትየዋ ፀጉር ሠሪ ናት። አንዲት ደንበኛ ፀጉሯ እስኪደርቅ ስትጠብቅ በስልኳ አንድ ነገር አሳየቻት፤ ለበዓል ሰሞን የተዘጋጀ የሕፃናት መጫወቻ ሳፋ። ቀለም የተነከረ ሩዝ፣ ጥጥ፣ ሪባንና የእንጨት ማንኪያ ተሞልቶበታል። ልጁ እጁን እስከ ክርኑ ነክሮ ይዝቃል፣ ያፈሳል፣ ይዳስሳል። ልጅ በጣቱ ነው የሚማረው አለቻት ደንበኛዋ። ፀጉር ሠሪዋ ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ አለቻት፤ ጉንጯ ሞላ ስላለ ቤተሰቡ ድንቡሼ ይላታል። ለበዓሉ እንዲህ ያለ ነገር ልሥራላት ብላ አሰበች። ሐሳቡ አንዳች ክፋት አልነበረውም።

በዕረፍት ቀኗ ሩዙን በምግብ ቀለምና በጥቂት አቼቶ አሽታ፣ ቀዩን ለብቻ አረንጓዴውን ለብቻ በትሪ አሰጣችው። አማቷ ከመኝታ ቤት ሲወጡ ሳሎኑ ሩዝ በሩዝ ሆኖ ጠበቃቸው።

አማትየዋ ልብስ እየሰፉ ልጆቻቸውን ለብቻቸው ያሳደጉ ሴት ናቸው። እህል እግር ሥር ወድቆ ማየት አይሆንላቸውም። ግን ለምራታቸው በቀጥታ አልተናገሩም። ድንቡሼን ብድግ አድርገው አቀፏትና "እናትሽን፣ በእህል የቀለደ እህል ይቀልድበታል በያት" አሉ።

እናትየዋም ዓይኗን ከትሪው ሳታነሣ፣ "አያትሽን፣ ዘመኑ ተለውጧል በያቸው" ብላ መለሰች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሴቶች የሚነጋገሩት አፏን ገና ባልፈታች ሕፃን በኩል ሆነ። አያት ሳፋውን በረንዳ ያወጡታል፤ እናት መልሳ ሳሎን ታስገባዋለች። አያት የተበተነውን ሩዝ ጠርገው ይደፉታል፤ እናት ሌላ ነክራ ትሞላለች። የልጅቱ አባት የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። በሁለታችሁ መካከል እንደ ፍሬን ሸራ ተበልቼ አለቅሁ እያለ ይስቃል፤ ከዚያም ወደ ሥራው ይሄዳል። ሳቁ ማንንም አላስታረቀም።

አንድ ቀን አያት ሳፋውን አዩና "የዶሮ መኖ" አሉት። ለማንም አልተናገሩም፤ ግን እናት እንድትሰማ አድርገው ነው ያሉት። ነገሩ አንገበገባት። በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ ወርቃማ የዶቃ ጌጥ ገዝታ መጣች። ክሩን በመቀስ በጠሰችና ዶቃውን ሩዙ ላይ በተነችው። ለልጇ ብላ አልነበረም። የበተነችው ለአማቷ ዓይን ነው።

አያት ይህን ጊዜ ፊት ለፊት ተናገሩ። ዶቃው ልክ የሕፃን ጉሮሮ የሚያህል መሆኑን፣ ልጅቱ ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ እንደምትወስድ ተናገሩ። እውነታቸውን ነበር። ነገር ግን ምክሩን ከስድብ ጋር ለውሰው፣ እናት መሆን የማታውቅ፣ ለታይታ የምትኖር እያሉ ነው የተናገሩት። እናት ስድቡን ያዘችና ምክሩን ጣለችው።

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል። ባለ እልሁ ራሱ ቢውጠው ባልከፋ ነበር።

የበዓሉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ነው። እናት ወጥ ቤት ዕቃ ታጥባለች። አያት ሶፋው ላይ ተቀምጠው የልጅቱን የበዓል ቀሚስ ጠርዝ ይዘመዝማሉ። ድንቡሼ እግራቸው ሥር፣ ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ሩዝ በኩባያ ትገለብጣለች። ከዚያ አንድ ዶቃ በሁለት ጣቷ አነሣች፣ ወደ ብርሃን አድርጋ አየችውና አፏ ውስጥ ከተተችው።

አያት አዩ። ጎንበስ ቢሉ ይበቃ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ወጥ ቤት ዞሩና በኃይል ተጣሩ፤ "ነይ! ነይና ጉድሽን እዪ!"

እናት ሰማች። የተለመደው ነቀፌታ መሰላትና ቧንቧውን ይበልጥ ከፈተችው።

ልጅቱ በጩኸቱ ደነገጠች፤ በድንጋጤዋም ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳበች። ዶቃው አብሮ ገባ።

መጀመሪያ አሳላት። ቀጥሎ ሳሉ ተቋረጠ፣ ከንፈሯ ጠቆረ። አያት ቀሚሱን ከነመርፌው ወረወሩ። ይህን ጊዜ የወጣቸው ድምፅ ሌላ ዓይነት ነበርና እናት እጇ አረፋ እንደያዘ ሮጣ ወጣች። ልጅቱን ክንዷ ላይ በደረቷ ደፍታ ጀርባዋን መታች፣ ደግማ መታች። ዶቃው አልወጣም፤ ግን ፈቀቅ ሳይል አልቀረም፣ ልጅቱ እንደ ፉጨት በሚሰማ ድምፅ መተንፈስ ጀመረች። በታክሲ ሆስፒታል ደረሱ።

ሐኪሟ ልጅቱን ስታዳምጥ ሁለቱም አብረው ያወሩ ነበር። አያት ዶቃውን የገዛችው እሷ ናት ይላሉ፣ እናት እያዩ ዝም ብለው ነው ትላለች። ሐኪሟ ጆሮዋ ላይ ያለውን መሣሪያ አወረደችና ተራ በተራ አየቻቸው።

"ልጅቱ ይህን ስትውጥ ሁለታችሁም ቤት ነበራችሁ?" አለች።

ልጅቱን ይዛ ገባች፤ በሩ ተዘጋ።

ዶቃው ወደ ሆድ ሳይሆን ወደ ሳንባ በሚወስደው ቱቦ ገብቶ ነበር። በማደንዘዣ አስተኝተው በቀጭን መሣሪያ ሊያወጡት ነው። በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለቱ ሴቶች በሁለቱ ጫፍ ተቀመጡ። አባትየው የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ደረሰ፤ መሐል ላይ ያለውን ክፍት ቦታ አየና ቆሞ ቀረ። የሚቀልደው ነገር አጣ።

አያት መሬት መሬቱን እያዩ ተናገሩ።

"እጄ ይደርስ ነበር" አሉ። "ማውጣት እችል ነበር። አንቺን ማሳየት አስቀደምኩ።"

"እኔም ሰምቼዎታለሁ" አለች እናት። "ውሃውን የጨመርኩት እንዳልሰማዎት ብዬ ነው።"

አልተቃቀፉም። ይቅር ለእግዚአብሔርም አልተባባሉም። ግን ከዚያ በኋላ የማን ጥፋት እንደሆነ በዚያ ኮሪደር ላይ ማንም አላነሣም።

ድንቡሼ ዳነች። በዓሉን በሆስፒታል አልጋ ላይ አሳለፈች፤ ድምፅዋ ለጥቂት ጊዜ ጎርንኖ ቆየ፤ ሰው ሲጮህ ግን ዛሬም ትርበተበታለች።

እናንተ ወላጆች፣ እናንተ አያቶች፤ ይህን የማወራላችሁ ለልጆቻችሁ መጫወቻ አትሥሩ ለማለት አይደለም። ሥሩላቸው፤ ይዝቁ፣ ያፍስሱ፣ ይዳስሱ። አፋቸው ውስጥ የሚገባ ትንሽ ነገር ግን አይቀላቀል፤ አጠገባቸውም አንድ ትልቅ ሰው ይቀመጥ፤ ያ ሰው ደግሞ ዓይኑ ልጁ ላይ እንጂ ጠበኛው ላይ አይሁን። ልክ መሆናችንን ለማስመስከር የምንጠብቃት ደቂቃ ልጁ የሚታነቅባት ደቂቃ ልትሆን ትችላለች። መጀመሪያ እጅ ይቅደም፤ ምላስ ይደርሳል።

አማትና ምራት ዛሬም ማርና ወተት አልሆኑም። በቀጣዩ በዓል እናት ሳፋውን ስታወጣ አያት ሩዝ አይገባበትም ብለው ተሟገቱ፤ አሸነፉም። በምትኩ ጥጥ የተጠቀጠቀባቸው፣ የሰው ጡጫ የሚያክሉ የጨርቅ ኮከቦች ሰፉ። እናት ረዣዥም ሪባን ጨመረች። አያትም ጉልበታቸውን እያመማቸው ወለሉ ላይ ከሳፋው ጎን ተቀመጡ።

ድንቡሼ የሪባኑን ጫፍ ወደ አፏ ወሰደች። አያት ምንም ሳይናገሩ ከአፏ አወጡና ኪሳቸው ከተቱት። ልጅቱ ወደ ኮከቦቿ እስክትመለስ ጠበቁ። ከዚያ እናት ወዳለችበት ወጥ ቤት ዞረው፣ ልጅቱ እንዳትደነግጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሪባን ማስገባት ማን ያመጣው ብልሃት እንደሆነ ጠየቁ።

እናት ቧንቧውን ዘጋችና ልትመልስላቸው መጣች።