ወደኋላ ሲመለሱ የሚጠፋው

«እንደገና ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» ይል ነበር አንድ ሰውዬ ከቢሮ መስኮት ጀርባ። «አንዴ ተናግሬዋለሁ፤ ሁለተኛ ከአፌ አይወጣልኝም» አለች የአንዲት ልጅ እናት። ጉዳዩ ምን እንደነበር ልጅቷ አታስታውስም፤ ያኔ ቁመቷ ከመስኮቱ ደፍ አይደርስም ነበር። እናቷ እጇን ጎትታ ይዛት እንደወጣች ብቻ ትዝ ይላታል።

አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። በትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክበብ ውስጥ የቀረችው እሷ ብቻ ናት፤ ሰብሳቢም አባልም። እስከ ነገ አንድ ሰው ካልተመዘገበ፣ ርዕሰ መምህሩ ክፍሉን የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ሊያደርጉት ነው። የመመዝገቢያውን ገጽ የሠራችው ራሷ ናት። ብዙዎች ከፍተውታል፤ የጨረሰ ግን የለም። «ከኔ ጋር ማን መቀመጥ ይፈልጋል?» ብላ ደምድማለች።

ከሰዓት በኋላ አንድ የክፍሏ ልጅ ገባ። ድምፁ ስለማይሰማ በሹፈት «ሬዲዮ» ይሉታል። ጥግ ይዞ ገጿን ከፈተና ብዙ ጻፈ። ድንገት ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ።

«ምነው?»

«ስልክ ቁጥሬን ተሳስቼ ላርም ወደኋላ ብመለስ፣ ሁሉንም ሙልጭ አድርጎ አጠፋው!»

«ድጋሚ ሙላዋ።»

«ስሜንማ እሞላለሁ። ያኛውን ግን... ለምን መግባት እንደፈለግኩ የሚለውን... ተይው በቃ።»

በሩ ጋ ደረሰ። «ሁለተኛ ከአፌ አይወጣልኝም» ያለችው እናቷ ትዝ አለቻት። ለካ የሄዱት ሁሉ እሷን ጠልተው አልነበረም። ዝም ብትል ግን ማንም አያውቅባትም።

«ቆይ! ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ወደኋላ ሲመለሱ የተጻፈውን እንዲይዝ አላደረግኩትም። ጭራሽ አላሰብኩትም።»

«ጎበዝ ናት እያሉሽ ተሳሳትሽ?» አለ።

«ይበሉ። ትንሽ ብቻ ጠብቀኝ።»

ሊሄድ እንደቆመ ቀረ። እሷ የሚጻፈው ሁሉ እስኪላክ ድረስ ኮምፒውተሩ ላይ እንዲቆይ ጥቂት መስመር ጨመረች። ከዚያ የፈጠራ ስም ጻፈች፤ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈች፤ ተመለሰች። ስሙ ካለበት አልተነቃነቀም። «ተመስገን» አለች በሹክሹክታ።

«ና፣ ሞክረው።»

«አሁንም ቢጠፋስ?»

«ከጠፋ ሂድ። አልጠራህም።»

ወንበሩን ትክ ብሎ አየው። መልሶ ሳበውና ተቀመጠ።

«እሺ፣ እጽፈዋለሁ። አንቺ ግን ወደ ግድግዳው ዙሪልኝ።»