የአማካሪው ወንበር

ጋሽ ረቂቅ የሞቱት በገዛ ወንበራቸው ላይ ነው። ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ ቢሮውን ስትከፍት፣ በትልቁ ጥቁር ወንበር ላይ ፊታቸውን ወደ ኮምፒውተሩ እንዳዞሩ አንገታቸው ዘንበል ብሎ አገኘቻቸው። አናታቸውን ከኋላ የመታው የድንጋይ ወረቀት መጫኛ መስኮቱ ሥር ወድቋል። ዕድሜ ልኩን የሰው ልጅ ሲያቃና የኖረ ሰው እንዲህ ይሙት? ነፍስ ይማር እንጂ ምን ይባላል።

እሳቸው በሚሠሩበት ኮሌጅ ነርስም ይማር መሐንዲስ፣ ለሙያው የሚሆን የጽሑፍ ኮርስ ሳያልፍ የሚመረቅ የለም። ነርስ የሕመምተኛውን ሁኔታ አድበስብሳ ከጻፈች ሰው ይሞታል፤ መሐንዲስም ዘገባውን ካምታታ ድልድይ ይወድቃል። የትኛው ኮርስ ለማን እንደሚበጅ የሚያማክሩት እሳቸው ነበሩ። የመጣውን ሁሉ «መጀመሪያ ረቂቅህን አሳየኝ» ስለሚሉ ነው ስሙ የወጣላቸው።

ረፋዱ ላይ አንዲት የነርስነት ተማሪ ተይዛ ነበር። ያለፈችው የጽሑፍ ኮርስ እንደማይያዝላት ተነግሯት፣ በዋዜማው አመሻሽ ከቢሮው እያለቀሰች ስትወጣ ብዙ ሰው አይቷታል። ምረቃዋ ደርሷል። እናቷ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ፣ በልጇ ፈንታ እኔን እሰሩኝ እያለች ያለፈ ያገደመውን ፖሊስ ሁሉ ትለምናለች።

ጉዳዩን የያዘችውን መርማሪ ባልደረቦቿ «ቆይ እስቲ» ይሏታል። በስሎ የቀረበላት ወንጀለኛ አይጥማትም። ሐዘኔታ ምርመራ ያበላሻል ብላ ፊቷን ከእናትየዋ አዞረችና የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ አስጠራች።

ኃላፊው ሳይጠየቁ ጀመሩ። በዋዜማው አመሻሽ በኮሪደሩ ሲያልፉ ጩኸት ሰምተው በበሩ መስታወት አጮልቀው አይተዋል።

«እሳቸው በትልቁ ወንበር ተቀምጠዋል። እሷ ፊት ለፊታቸው በርጩማው ላይ ሆና ጠረጴዛውን ትደበድባለች። የልጅ ነገር ነው ብዬ አለፍኩ» አሉና ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ቆይ እስቲ፤ ወደ ውስጥ አልገቡም?»

«እግሬም አልረገጠም።»

ቀጥላ የገባችው የጽሑፍ መምህርቷ ናት። ሟቹን ሁሉም እንደሚወዳቸው ተናገረች፤ የተጣሉት ሰው እንዳለ ስትጠየቅ ግን ዓይኗ ወደ በሩ ሸሸ። «እኔ ልጆች አሉኝ» አለች። መርማሪዋም አልጫነቻትም። ዝም አይነቅዝም ያለ ሰው ቢጎተጉቱት ይብሳል።

አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ ልጅቷን ወደ ቢሮው አስመጣቻት። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ገባችና፣ በርጩማውን አልፋ፣ ጠረጴዛውን ዞራ፣ እጇን በትልቁ ወንበር መደገፊያ ላይ አሳረፈች። ደሙን ያየችው ያኔ ነው፤ እሳት እንደነካት እጇን ሰበሰበች።

«ቆይ እስቲ ልጄ፣ ወዴት ነው?»

«እዚህ ነዋ የምንቀመጠው፤ ተማሪ ሁሉ። እሳቸው በርጩማው ላይ ይሆናሉ። ጉዳዩ ያንቺ ነው፣ መሪውን አንቺ ያዢ ይሉናል።»

ለምን እንዳለቀሰች ስትጠየቅ የሆነውን ተናገረች። ጋሽ ረቂቅ፣ ስትጽፊ ሰርዘሽ የጣልሽውና እስካሁን የሚቆጭሽ ምንድን ነው ብለው ጠየቋት። የመጨረሻ ሌሊቱን አብራው ስላደረችው አንድ ሕመምተኛ ጽፋ የሰረዘችውን ነገረቻቸው። እሳቸው ግን ደስ አላላቸውም፤ ከዚያው ኮርስ የመጡ ብዙዎች ለዚህ ጥያቄ መልስ አጥተው ነበር። በኮርሱ የጻፍሽ አንቺ ብቻ ነሽ፣ ያንቺንም ያነበበ የለምና ኮርሱ አይያዝልሽም አሏት። ኮርሱ የተመዘገበው በጽሑፍ መምህርቷ ስም ነው።

«ሳይነበብ ነው ያለፍኩት» አለች። «ነገ አምጪው፣ እኔ አነበዋለሁ ብለውኝ ነበር።»

መርማሪዋ ደሙን በጨርቅ ሸፈነች። ምክር ለመጠየቅ ቀጠሮ የነበራቸውን ተማሪዎች ከኮሪደሩ እየጠራች፣ እንደ ወትሮው ተቀመጡ አለቻቸው። አንዱም በርጩማውን አልነካም። ከዚያ አንድ ፖሊስ ከወንበር ወደ በርጩማ እያዘዋወረች፣ እሷ ከበሩ ውጭ ቆማ በመስታወቱ ስትመለከት ቆየች። ፖሊሱ ልቧን ነካት እንዴ ብሎ ታዘባት።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊውን፣ መምህርቷንና ልጅቷን ከእናቷ ጋር ሰበሰበቻቸው። ፖሊሱን በትልቁ ወንበር፣ ልጅቷን በርጩማው ላይ አስቀመጠችና ከኃላፊው ጋር ከውጭ ቆማ በሩን ዘጋች።

«ማን ይታይዎታል?»

«ፖሊሱ።»

«ልጅቷስ?»

ኃላፊው ወደ መስታወቱ ተጠግተው ፈለጓት። በሩን ከፈተችላቸው።

«በሩ አጠገብ ያለው ቁም ሳጥን ይጋርዳታል» አለች። «ከመስታወቱ የሚታየው ትልቁ ወንበር ብቻ ነው። በዚያ አመሻሽ አጮልቀው ቢሆን ኖሮ የሚያዩት እሷን ነበር፤ የማይታዩት እሳቸው ነበሩ። ጋሽ ረቂቅ ወደ በርጩማው የሚወርዱት ለተማሪ ነው። በወንበራቸው የሚቀመጡት ለእናንተ ለባልደረቦቻቸው ነው። እርስዎ ግን ተማሪያቸው ሆነው አያውቁም፤ ለሁሉም እንዲሁ መሰለዎት። በትልቁ ወንበር ያዩዋቸው እሷ ከሄደች በኋላ ሲገቡ ነው። ኮምፒውተሩን ሊያሳዩዎት ዞሩ፤ እርስዎም ከኋላቸው ቆሙ።»

«ማስረጃ አለሽ? ኮርሱ እንደሆነ የሷ ነው!» ወደ መምህርቷ ጠቆሙ። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ማለት ይኸው ነው።

መምህርቷ ቀስ ብላ ተነሳች።

«ስሜ አለበት፤ አስተምሬው ግን አላውቅም» አለች። «ውጤቱን የሚሸጡት ኃላፊው ናቸው። ትናንት ጋሽ ረቂቅ ጠርተዋቸው ሲገቡ አይቻለሁ። ከሥራ ያባርሩኛል ብዬ ዝም አልኩ።»

ልጅቷ በተነሳችበት በርጩማ ላይ ኃላፊው ዘፍ አሉ። «አንድ ኮርስ እኮ ነው» አሉ፣ ለራሳቸው ይመስል። «መርፌ ለመውጋት ድርሰት ምን ያደርጋል አልኳቸው። ነገ ለቦርዱ እናገራለሁ አሉኝ።» ካቴናው ሲገባላቸው ቀና አላሉም።

እናትየዋ ልጇን አቅፋ ለመርማሪዋ ምርቃት ታወርዳለች። ልጅቷ ግን ከቦርሳዋ ረቂቋን አውጥታ ባዶውን ወንበር ታያለች።

«አሁን ማን ያነበዋል?» አለች።

መምህርቷ እጇን ዘረጋች። ልጅቷ የተዘረጋውን እጅ አየችው፣ የመምህርቷንም ፊት አየችው፤ ከዚያ ወረቀቱን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ከእናቷ ጋር ወጣች።