ውሻው የዘለለው በየት ነው?

ነርሷ ከአዳር ሥራዋ ስትመለስ አባቷን በመንገድ በኩል ካለው አጥር ሥር በጀርባው ተንጋሎ አገኘችው። መሰላሉ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል፤ መዶሻው ከቀኝ እጁ አጠገብ ወድቋል፤ ከቆርቆሮው አናት ላይ አዳዲስ ጣውላዎች ተመትተዋል። ልትጮኽ ፈልጋ ድምፅ አጣች። ተንበርክካ የአንገቱን ሥር በሁለት ጣቶቿ ዳሰሰች፤ ቀዝቅዟል። ጎረቤት ደርሶ እስኪያነሳት ድረስ እጇን ከዚያ አላነሳችም።

ከፖሊስ ጣቢያ የተላከችው ኢንስፔክተር ጉልበቷን ያማታል። እያቃሰተች ከሬሳው አጠገብ ተቀመጠችና ከራሱ እስከ እግሩ አየችው።

«አባትሽ ምን እየሠሩ ነበር ልጄ?»

«አጥሩን ከፍ እያደረገ ነበር መሰለኝ» አለች ነርሷ። «አይቻል እንዳይዘል።»

«አይቻል ማነው?»

«ውሻው። እናቴ ‹ይሄ ውሻስ አይቻልም› ስትል ስትል ስሙ ሆኖ ቀረ።»

ሟቹ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ከውሻ ሲሸሽ ኖሮ፣ ሚስቱ ስትሞት ውሻዋን አደራ ብላው ሄደች። ይኸው ውሻ ነው ታዲያ በስተርጅና መከራውን ያበላው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት አጥር ዘሎ ወጥቶ የጎረቤቲቱን የልብስ ሰፊዋን ልጅ መንገድ ላይ ጥሎ እግሯን ሰበረ ተባለ። ሕፃኗ ከዚያ ወዲህ ከአልጋ አልወረደችም። ፖስተኛው እንቅልፍ አጣ። በገመድ ቢያስረው በጥርሱ በጠሰው፤ በሰንሰለት ቢያስረው አንገቱን አቆሰለ። አጥር ሥር እሾህ ተከለ። ይደክምለት እንደሆነ ብሎ ሁለቱም ምላሳቸው እስኪወጣ ከተማውን አዞረው። ውሻው ግን መዝለሉን አልተወም። በመጨረሻ ልብስ ሰፊዋ ለማዘጋጃ ቤት አመለከተችና ሰዎቹ ዛሬ ጠዋት መጥተው ሊወስዱት፣ ወስደውም ሊገድሉት ነበር።

«ጨነቀው፣ በድንግዝግዝ መሰላል ላይ ወጣ፣ ወደቀ» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ። «ሌላ ምን አለው?»

«ነጠላ ጫማውን እየው» አለች ኢንስፔክተሯ።

ፖሊሱ ጎንበስ አለ። አጥሩ ሥር ያለው መደብ ጎመን የተተከለበት፣ ትናንት ውሃ የጠጣ ጭቃ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ጎረቤት ሁሉ ረግጦታል። የሟቹ ጫማ ሶል ግን እንደ ታጠበ ሰሃን ንጹሕ ነው። የመሰላሉም እግሮች ሰው እንዳልወጣበት ሁሉ ጭቃውን ነካ ብቻ አድርገውታል።

«ውሻው የት ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተዘግቶበት አገኘሁት» አለች ነርሷ። «አባዬ ዘግቶበት አያውቅም። ሲዘጋበት ራሱን ከበሩ ጋር ያጋጫል።»

እጮኛዋ ውሃ ይዞ መጣና ትከሻዋን አቅፎ አጠጣት። የዳቦ ማመላለሻ መኪና ሹፌር ነው፤ ለሐዘንተኛ ወንበር የሚያወጣው፣ ስልክ የሚደውለው እሱ ነበር።

«ሕፃኗን ሲጥላት ያየኸው አንተ ነህ አሉ» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«እኔ ብቻ ነኝ። መኪናውን አቁሜ ስወርድ ከላይ ዘሎ ተከመረባት። አንስቼ ሆስፒታል አደረስኳት።»

«በየት ዘለለ?»

«እዚህ ጋ» አለ፣ መሰላሉ የቆመበትን እያሳየ።

ኢንስፔክተሯ ልብስ ሰፊዋ ቤት ስትገባ የስፌት መኪናው ድምፅ አልቆመም። ሕፃኗ አልጋ ላይ ናት፤ እግሯ እስከ ወገቧ በጄሶ ታሽጓል። ጀርባው የተላጠ ቀይ የፕላስቲክ የትምህርት ቤት ቦርሳዋ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

«አልዋሽዎትም» አለች እናቲቱ ቀና ሳትል። «ትናንት ሞቱን ተመኝቼለት ነበር። የእሱንም የውሻውንም። ዛሬ ሲነግሩኝ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አቃተኝ፤ ለዚህ ነው የምሰፋው።»

«ትናንት አግኝተዋቸው ነበር?»

«አመሻሽ ላይ መጣ። ውሻውን ማሩልኝ ሊል ነው ብዬ ጮኽኩበት። እሱ ግን ‹ልጄ፣ ሕፃኗ የተጎዳች ቀን የግቢሽ በር ተቆልፎ ነበር?› አለኝ። እኔ ሱቅ፣ እሷ ትምህርት ቤት፤ ታዲያ ለማን ክፍት ይሁን? ተቆልፎ ነበር አልኩትና በሬን ፊቱ ላይ ደረገምኩት።»

«ከዚያስ?»

«ቆይቶ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። ውሻውም እንደታፈነ ሆኖ ከሩቅ ይጮኽ ነበር።»

«ሲዘል በየት ነው የሚመጣው?»

«በጓሮ ጥግ ነዋ! የውሻ ቤቱን ጣሪያ ይረግጥና ከእኔ ግቢ ዱብ። ስንቱን ልብስ አበላሸብኝ መሰልዎ!»

«በመንገድ በኩልስ?»

የስፌት መኪናው ቆመ። «በዚያ በኩል… እኔ አይቼው አላውቅም። ግን ሹፌሩ አይቷል። እሱ ባይኖር ልጄን ቀብሬ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «የኔ ቆንጆ፣ ያን ቀን ውሻው ጮኾብሽ ነበር?»

«ምንም አልጮኸም» አለች ሕፃኗ። «ከኋላዬ መታኝና ተኛሁ።»

ወደ ፖስተኛው ግቢ ተመልሳ አዲሶቹን ጣውላዎች አስነቀለች፤ ፖሊሱንም መንገድ ላይ አጥንት አስይዛ አቆመችው፤ ከዚያ ለውሻው በሩን ከፈተችለት። አይቻል ጠረኑን ተከትሎ ወደ አጥሩ ሮጠ፤ ሁለት እግሩን ቆርቆሮው ላይ አድርጎ ሽቅብ አየና አላዘነ። ሊሞክር እንኳ አልቃጣም። ዞሮ ወደ ጓሮ በረረ፤ የውሻ ቤቱን ጣሪያ ረግጦ ተስፈንጥሮ ልብስ ሰፊዋ ግቢ ገባ፤ እዚያም የተቆለፈው በር ላይ ሲቧጥጥ ተሰማ። ኢንስፔክተሯ ጉልበቷን አሸት አሸት አድርጋ መኪናዋን አስነሳች።

ከሰዓት በኋላ ነርሷን፣ ልብስ ሰፊዋንና ሹፌሩን ፖስተኛው ሳሎን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ነርሷ የአባቷን ወንበር እያየች ቆማ ቀረች። ፖሊሱ በሩ ጋ ነው።

«አባትሽ ከመሰላል አልወደቁም» ብላ ጀመረች። «ጭቃውን አልረገጡትም። ሌላ ሰው ተሸክሞ ነው እዚያ ያስተኛቸው፤ ጣውላውንም ያ ሰው ነው ከመንገድ በኩል መኪና ላይ ቆሞ የመታው። ውሻውን አስቀድሞ ዘጋበት። አይቻል ደግሞ ከማያውቀው ሰው ጋር አይሄድም።»

«እኔን ገና ከሩቅ ሲያየኝ ነው የሚያጓራው» አለች ልብስ ሰፊዋ በፍርሃት።

«አውቃለሁ። ደግሞ እርስዎ ቢሆኑ ጣውላውን ጓሮ ነበር የሚመቱት። አባትሽም፣ አንቺም እንደዚያው። ስንት ሳምንት ከዚህ ውሻ ጋር የታገለ ሰው በማይዘልበት በኩል አጥር አያስረዝምም። ውሻው በመንገድ በኩል ይዘላል የሚል ሰው በዚህ ሰፈር አንድ ነው።»

ሹፌሩ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ያየሁትን ነው የተናገርኩት።»

«ልታየው አትችልም፤ ውሻው ያን አጥር አይዘለውም። በጓሮ ቢዘል ደግሞ የሚገባው የተቆለፈ ግቢ ነው። ሽማግሌው ትናንት ስለ በሩ የጠየቁት ይህን ሊያረጋግጡ ነው። ያን ቀን ውሻው መንገድ ላይ አልነበረም። ታዲያ ሕፃኗን ከኋላ የመታት ምንድነው? መኪናህን የምታሠራበት ጋራዥ ሄጄ ነበር። በማግስቱ የፊት መብራት አስቀይረሃል። የተሰበረው መብራትም የተጨራመተው ክፈፉም እዚያው ተጥሏል፤ ከሕፃኗ ቦርሳ የተላጠ ቀይ ፕላስቲክ ተጣብቆበታል።»

ልብስ ሰፊዋ ከመቀመጫዋ ተነስታ ሹፌሩ ፊት ቆመች። «እጅህን ስሜ አመስግኜሃለሁ እኮ» አለችው። «እጅህን!»

ሹፌሩ የነርሷን ፊት ብቻ ነበር የሚያየው። «አባትሽ ከእሷ ቤት ተመልሰው ጠሩኝ። ‹ሰዎቹ ውሻውን ሳይወስዱት ለሕፃኗ እናት እውነቱን ንገራት፣ አለዚያ እኔ እነግራታለሁ› አሉ። ለመንኳቸው፣ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ስልኩን ሲያነሱ ገፋኋቸው… የበረንዳው ደረጃ ላይ ወደቁ። አንቺን አጣለሁ ብዬ ነው፤ ሌላ ምንም አላሰብኩም።»

«ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ወዲያው አልሞቱም ብሏል» አለች ኢንስፔክተሯ፣ ቀስ ብላ። መናገሩ ከብዷት ነበር።

ነርሷ ወደ እጮኛዋ ጠጋ አለች።

«ስትሸከመው ይተነፍስ ነበር?»

ሹፌሩ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

«ጣውላውን ስትመታ አባቴ ይተነፍስ ነበር ወይ ነው የምልህ!»

«ሊተርፉ የሚችሉ አልመሰለኝም…»

«አንተ ሐኪም ነህ? ነርስ ነኝ እኮ! ደውለህልኝ ቢሆን… ሕፃኗን እንኳ አንስተህ አድርሰሃታል። አባቴን ምነው?»

ፖሊሱ ክንዱን ይዞ ሲያወጣው አልታገለም። ነርሷ መሬት ላይ ተቀመጠችና ከጠዋት ጀምሮ አልወጣ ያላትን ጩኸት ጮኸች። ልብስ ሰፊዋ አጠገቧ ወርዳ ልታቅፋት እጇን ዘረጋች፤ ይገባኛል ወይ ብላ መልሳ ሰበሰበችው፤ በመጨረሻ ግን አቀፈቻት።

ሲመሻሽ የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ስለዘገዩ ይቅርታ እየጠየቁ መጡ። በር ላይ ቆማ የመለሰቻቸው ልብስ ሰፊዋ ናት። ከዚያ ቤቷ ገባችና ልጇ አጠገብ ተቀመጠች።

«ውሻው አይደለም የጣለሽ» አለቻት። «መኪና ነው። አባባ ፖስተኛው ይህን ሊነግሩን ነበር።»

ሕፃኗ ትንሽ አሰበች።

«ትናንት በር ላይ የጮኽሽባቸው ይህን ስለጠየቁሽ ነው?»

እናቲቱ ብርድ ልብሱን አስተካከለች፤ አሁንም አስተካከለች።