የሁሪያ ወተት

ሁሪያ የሞተችው የአንድ ልጇ የነስረዲን ኒካህ በሚታሰርበት ቀን ጠዋት፣ ከሓድነት ሰፈር ወደ ዓይደር ሆስፒታል በሚከንፍ ባጃጅ ውስጥ፣ በሙሽራዋ በረምላ ክንድ ላይ ነው። ኢንስፔክተር አስካለማርያም ተጠርታ ስትደርስ ድንኳኑ አልፈረሰም፤ ለሠርግ የመጣው ሰው ለለቅሶ ተቀምጧል። ወተት አቅራቢው ዘርኡ ደግሞ ታስሯል። ሟቿ በመጨረሻ ትንፋሿ «ወተት» ብላለች ተብሎ ነበርና።

ሐኪሙ ብዙ የእንቅልፍ መድኃኒት መውሰዷን፣ ደካማ ልቧም እንዳልቻለው ተናገረ።

አስካለማርያም አስቀድማ ነስረዲንን አነጋገረች። መድኃኒት መሸጫ ውስጥ የሚሠራ፣ ዐይኑ በለቅሶ ያበጠ ወጣት ነው። እናቱ ማታ ዘርኡ ያመጣውን ወተት ጠጥታ እንደተኛች ነገራት። ዘርኡ ግን ሌላ አለ።

«ሓቂ እነግርዎታለሁ፤ ኣደይ ሁሪያ ለእንግዳ እንጂ ለራሳቸው ወተት ገዝተው አያውቁም። ሆዴን ይነፋኛል ይሉ ነበር።»

የተረፈው ወተት ተመርምሮ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱ የተገኘው በራስጌዋ በነበረው የአብሽ ኩባያ ውስጥ ነው፤ የአብሽ ምሬት ብዙ ነገር ይሸፍናል።

ታዲያ ወተት የማትጠጣ ሴት ነፍሷ ሊወጣ ሲል ስለ ወተት ምን አናገራት? አስካለማርያም ይህን ስታሰላስል በራሷ ቋንቋ በትግርኛ «ጸባ» አለች። ላም የምትሰጠውም ጸባ ነው፤ እናት የምትሰጠውም ጸባ ነው። በሁሪያም አፍ የላሙም የእናቱም «ወተት» ነው። ረምላን ለብቻዋ ጠርታ ቃሉን እንደሰማችው እንድትደግመው ለመነቻት።

«‹ወተቴ› ነው ያለችኝ» አለች ረምላ። «እጄን ይዛ ደረቷ ላይ አደረገችው።»

የረምላ አባት ሀሰን፣ ሮማናት አደባባይ አጠገብ ጨርቅ የሚነግድ የወሎ ሰው፣ ከሁሪያ ጋር በአንድ ግቢ ተከራይቶ ይኖራል። ትናንት ማታ ማዕድ ላይ ረምላ እንዴት እንደተረፈች ሲያወራ ነበር። በሰባ ሰባቱ ድርቅ እሱ እህል ፍለጋ እንደሄደ ሚስቱ መጠለያ ውስጥ ሞተች። ወንድ ልጇን የምታጠባ አንዲት ሴት ጨቅላዋን ረምላን ተቀብላ ለወራት ጡቷን ለሁለቱ አካፈለች። እሱ ሲመለስ ሴትየዋ ወደ ሌላ መጠለያ ተወስዳለች፤ ልጁን ያገኛት ከነርሶች እጅ ነው። ወሬውን ሳይጨርስ ሁሪያ ተነሥታ ወጣች። የዚያ ዘመን ሐዘን የተቀሰቀሰባት መስሎት አልተከተላትም።

«የዚያችን ሴት ስም እንኳ አላውቅም» አላት ለአስካለማርያም። «ለእሷ ዱዓ ሳላደርግ ከሶላት ተነሥቼ አላውቅም።»

ከሰዓት በኋላ አስካለማርያም ዘርኡን አስፈትታ ሁሉንም ድንኳኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ያቺ ሴት ሁሪያ ናት» አለች። «አንድ ጡት የጠቡ በሃይማኖታችሁ እህትና ወንድም ናቸው፤ ኒካህ አይታሰርላቸውም። ሁሪያ ይህን ያወቀችው ትናንት ማታ ነው። ለማን ነገረች? አቶ ሀሰን ሰምተው ቢሆን ድንኳኑ ያኔውኑ ይፈርስ ነበር። ረምላ ሰምታ ቢሆን ‹ወተቴ› የሚለው ቃል አያደናግራትም ነበር። ወተት እንደማትጠጣ ሻጩ እንኳ ያውቃል፤ ልጇ ግን ጠጣች አለኝ። ልጅ የእናቱ ሆድ የማይወደውን አያጣም። እንዲህ የሚለው ዐይናችንን ከአብሹ ኩባያ ሊያሸሽ የፈለገ ነው።»

ነስረዲን አልካደም። እናቱ ለብቻው ነግራው ነበር፤ ጠዋት ለሀሰን ልትናገር ቆርጣለች። እግሯ ላይ ወድቆ ቢለምናትም አልተመለሰችም።

«አብሹ ውስጥ የጨመርኩት ኒካሁ እስኪታሰር ድረስ እንድትተኛ ብቻ ነበር» አለ። «ከታሰረ በኋላ ሆዷ አይጨክንብንም ብዬ።»

ሀሰን ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። በአንድ ግቢ ሦስት ዓመት ከሰላምታ ያለፈ ምስጋና ሳይሰጣት መኖሩን እያነሣ አለቀሰ። ረምላ ግን አላለቀሰችም።

«ብትነግረኝ ኖሮ» አለችው ነስረዲንን፣ «ሁለታችሁም ትኖሩልኝ ነበር። እናትም ወንድምም።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ዞር ብሎ አላያትም።

አመሻሽ ላይ አስከሬኑ ከሆስፒታል መጣ። አጣቢዋ ሴትዮ በር ላይ ቆማ፣ ከሟች ወገን አብራት ለማጠብ የምትገባ ሴት እንዳለች ጠየቀች። ጎረቤቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ሁሪያ ሴት ልጅ እንዳልነበራት ሁሉም ያውቃል። ረምላ ሂና የተቀባ እጇን ከነጠላዋ ሥር አውጥታ እጅጌዋን ሰበሰበች።

«እኔ አለሁ» አለች። «ልጇ ነኝ።»