የልብስ ሰፊው ባዶ ኪኒን

የኤሌክትሪኩ ስፌት መኪና ጩኸት አላቋርጥ አለ። ልብስ ሰፊ ጨርቅ ለማዞር እንኳ እግሩን ከፔዳሉ ያነሳል፤ ይህ ግን ትንፋሽ ሳይወስድ ይፈጫል። በሆስፒታል የመድኃኒት መጋዘን የሚሠራው ታናሽ ወንድሙ በሩን ሲከፍት፣ ልብስ ሰፊው ግንባሩን ጨርቁ ላይ ደፍቶ፣ እግሩ ፔዳሉን እንደረገጠ ቀርቷል።

«ደሙ ውስጥ ፖታሲየም የሚባል ማዕድን በዝቶ ልቡን አቁሞታል» አለ ሐኪሙ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ቀን ሙሉ ታላቅ እህትየው የሟቹን ሚስት መግቢያ መውጫ አሳጣቻት። «የጤና ጨው ብለሽ በተራው ጨው ፋንታ የጨመርሽለት ፖታሲየም ኖሯል! ባልሽን በማንኪያ ገደልሽው!»

ሚስቲቱ ቃል አልመለሰችም። ታናሽየው ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም።

ባልደረቦቿ «ምላጯ» የሚሏት የፖሊስ መርማሪ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ጨው ነው።

«መቼ ቀየርሽው?»

«ዓመት አልፎታል።»

«ማን መከረሽ?»

«ሰው ነው» አለች ሚስቲቱ።

መርማሪዋ የሟቹን ጫማ አንስታ አገላበጠችው። «ማሰሪያው ሲላላ ኖሮ በቅርቡ ጠብቋል።»

«ስኳሩ ኩላሊቱን ጎድቶት እግሩ ያብጥ ነበር። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ቀለለው። ‹ደግሞ ልሞሸር ነው› እያለ ያስቀኝ ነበር።»

መርማሪዋ ሟቹ ይውጠው የነበረውን ኪኒን ከነጠርሙሱ ይዛ ሄደች። በማግስቱ ሦስቱንም በስፌት ክፍሉ ሰበሰበቻቸው።

«ሟቹ በአዲስ የኩላሊት መድኃኒት ሙከራ ውስጥ ነበር» አለች። «ግማሹ ታማሚ እውነተኛውን ኪኒን፣ ግማሹ መድኃኒት የሌለበትን ባዶውን ይውጣል። ማን የትኛው እንደደረሰው ሐኪሙም አያውቅም። የእሱ መዝገብ ‹ባዶ› ይላል። ባዶ ኪኒን ግን እብጠት አያወርድም። አስመረመርኩት፤ እውነተኛው ነው።»

«መድኃኒት ደግሞ መቼ ነው የሚገድለው?» አለች እህትየው።

«የኩላሊት ሕዋስ ውስጥ መልእክት ተቀባይ አለ። ሆርሞን ሲነካው ‹ሶዲየምን አስቀር፣ ፖታሲየምን አስወጣ› ብሎ ያዛል። የስኳር በሽታ ሲኖር ትእዛዙ ከልክ ያልፍና ኩላሊቱን ያቆስለዋል። መድኃኒቱ ያን ተቀባይ ይዘጋል። ቁስሉ ይቀንሳል፤ ፖታሲየም ግን መውጫ ያጣል።»

«እንግዲያው የገደለው ያው የእሷ ጨው ነው!»

«ዓመት ሙሉ ያልገደለ ጨው? የገባው ይወጣ ነበራ! ከሦስት ሳምንት በፊት ነው መውጫው የተዘጋው። ማን የትኛው ኪኒን እንደደረሰው ዝርዝሩን የሚያየው፣ ጠርሙስ ላይ ቁጥር የሚለጥፈው አንድ ሰው ነው። የመጋዘኑ ሠራተኛ።»

ታናሽየው ወንበሩ ላይ ኩርምት አለ።

«ባዶ ደርሶት እያየሁ አንጀቴ አልቻለም። ጋሼ ነው ያሳደገኝ።»

«ጨዉንስ?»

«ለደም ግፊቱ ይበጃል ብዬ የመከርኳት እኔ ነኝ። ኪኒኑን ስቀይር ትዝ አላለኝም። ሐኪሙ ፖታሲየም ሲል ነው የገባኝ።»

«ያን ቀን?» እህትየው ደረቷን ያዘች። «ሦስት ቀን ስረግማት አጠገቤ ተቀምጠህ እየሰማህ?»

ታናሽየው የወንድሙ ሞት ስህተት ነው ሊል ይችል ነበር፤ ለሦስቱ ቀን ዝምታው ግን ስም አላገኘለትም።

እህትየው ወደ ሚስቲቱ ዞረች። «እሱ እንደመከረሽ እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽ፣ እህቴ?»

«ባሌ ያሳደገውን ልጅ እንዳትረግሚብኝ ብዬ» አለች ሚስቲቱና ተነሳች። ታናሽየው ፊት ስትደርስ እጇን ወደ ትከሻው ዘርግታ ሳትነካው መለሰችው። ከዚያ በሩን ከፍታ፣ ወደማንም ሳትዞር ወጣች።