ጉበንና መቃን

መምህሩ የተገኙት በጥንታዊው ቤተ መቅደስ ምሥራቅ በር ደፍ ላይ፣ በግንባራቸው እንደተደፉ ነበር። ጀርባቸው ላይ የወደቀውን ድንጋይ ለማንሳት አራት ሰው አስፈልጓል። ቀኝ እጃቸው ሜትሩን እንደጨበጠ ቀርቷል።

የተሰበሰበው ሰው ሁሉ አደጋ ነው አለ። ሕንጻው እድሳት ላይ ነው፣ ያረጀ ድንጋይ ደግሞ ይወድቃል። ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት መርማሪ ግን ቶሎ አልተቀበለችም። ስሙ የወጣላት ደቃቁን አሳልፋ አንኳሩን ስለምታስቀር ነው። በሩን የደገፈው ወፍራም እንጨት ወድቆ አላገኘችውም፤ በሰው እጅ ተነስቶ ግድግዳ ተደግፏል፣ ሽብልቆቹም አጠገቡ ተደርድረዋል።

«ይህን ያነሳው ማን ነው?» ስትል ጠየቀች።

አዛውንቱ ግንበኛ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እኔ ነኝ ልጄ። የገደልኳቸው እኔ ነኝ፤ እሰሪኝና ልረፍ።»

ቀስ እያለች አስወራቻቸው። በጠዋት ሲገቡ ዕቃ ሣጥናቸው ላይ በማተሚያ የወጣ ወረቀት አገኙ፦ «የምሥራቁን መቃን ድጋፍ ዛሬ ጠዋት አንሳ። መምህሩ።» ልባቸው አልፈቀደም ነበር፤ በእድሳቱ የሚያዙት መምህሩ ናቸውና፣ እሳቸው ካሉ ብለው አነሱት። ድንጋዩ ንቅንቅ አላለም። ኖራ ሊያቦኩ ወደ ጓሮ ሄዱ፤ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ የመውደቁን ድምፅ ሰሙ።

መርማሪዋ ወረቀቱን ኪሷ ከትታ ስብርባሪው ላይ ተንበረከከች። አንደኛው ስባሪ ላይ ጣት የሚያስገባ ክብ ቀዳዳ አለ፤ ውስጡ ገና ነጭ ነው። ድንጋዩ ላይ ከመውደቁ በፊት የነበረው ስንጥቅ የሚነሳውም ከዚያው ነው። ስባሪውን በጨርቅ ጠቅልላ ያዘችው።

የመምህሩ ባለቤት ቤት ስትደርስ ሴትየዋ ጽሕፈት ጠረጴዛው ፊት ተቀምጠው ነበር። የባላቸው እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ጽሑፋቸውን ሁሉ የሚተይቡት እሳቸው ናቸው። መምህሩ አርባ ዓመት የደከሙበት የጥንታዊ ሕንጻዎች መዝገበ ቃላት፣ ከዓምድ እስከ ቅስት፣ ከቅስት እስከ ጉልላት፣ እዚያው ተከምሯል። መርማሪዋ ስለ ወረቀቱ ስትጠይቃቸው ግን የዛሬውን ማስታወሻ አልተየብኩም አሉ።

«ድጋፉ እንዲነሳማ እንዴት ይላል?» አሉ። «ያ ጉበን ያሳስበኛል እያለ አልነበረም? ስንጥቁ ከምን እንደመጣ ደርሼበታለሁ፣ ነገ ለእድሳት ኮሚቴው አሳያለሁ ብሎኝ ነበር።»

ከዚያ ሳይጠየቁ ሌላውን ተናገሩ። መምህሩ ከሦስት ሰዓት በፊት ከቤት ወጥተው አያውቁም። ዛሬ ግን ቁርስ ላይ ስለ ድንጋይ ሲያወሩ፣ ሚስትየው ታክቷቸው «ያኔውኑ ድንጋይህን ብታገባ ይሻልህ ነበር» አሏቸው። መምህሩ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ።

መርማሪዋ መዝገበ ቃላቱን ገለጠች። «ጉበን፦ በሁለት መቃኖች ላይ አግድም ተጋድሞ የላዩን ግድግዳ የሚሸከም። መቃን በግራና በቀኝ የሚቆመው ነው፤ ሁለቱን ማምታታት ነውር ነው።» ባለቤትየው በእንባቸው መሃል ፈገግ አሉ። መምህሩ በዚህ ቃል ያልተቆጡት ሰው የለም አሉ።

የእድሳቱን መሐንዲስ ያገኘችው ሥራ ቦታው ላይ ባለው ቢሮ፣ ማተሚያው አጠገብ ነበር። ሐዘኑን ገለጸ፤ ማተሚያውን ሁሉም ሰው እንደሚጠቀምበት ነገራት፤ ጥፋቱንም በሟቹ ግትርነት ላይ ጣለ።

«መቃኑ ተሰንጥቋል፣ በኮንክሪት ይተካ ብዬ ነበር። እሳቸው አሻፈረኝ አሉ። ይኸው መቃኑ ወደቀ።»

አመስግናው ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ጉልላቱ ሥር ሰበሰበቻቸው። ወረቀቱን አነበበችላቸውና ወደ በሩ አመለከተች።

«ሁለቱ መቃኖች እንደቆሙ ናቸው፤ ድጋፍም ኖሯቸው አያውቅም። የወደቀው ጉበኑ ነው። መምህሩ ይህን ስህተት ከሚጽፉ እጃቸው ቢቆረጥ ይመርጡ ነበር። እትዬም ሲያወሩኝ ጉበን ነው ያሉት። አባባ፣ እርስዎ ወረቀቱ መቃን ሲል የላዩ ድንጋይ መሆኑን እንዴት አወቁ?»

«እዚህ እንደዚያ ሲባል ለምጄዋለሁ።»

«ማን ሲል?»

ግንበኛው ቀና አሉ። ዓይናቸው መሐንዲሱ ላይ አረፈ።

መርማሪዋ ጨርቁን ፈታች። ቀዳዳው በመብሻ ማሽን የተበሳ መሆኑን አሳየች፤ ለመብራት ሽቦ ማሳለፊያ ነበር። ጉበኑን የሰነጠቀው ይህ ነው። መምህሩ ደርሰውበታል፤ ነገ ኮሚቴው ፊት ያቀርቡት ነበር። ጉበኑ ዛሬ ቢደቅቅ ቀዳዳውም አብሮ ይጠፋል፣ ጥፋቱም የአሮጌ ድንጋይ ይሆናል።

«የበሳሁት እኔ ነኝ» አለ መሐንዲሱ። «ወረቀቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ግን ሰው እንዲሞት አልነበረም። ግንበኛው ጓሮ ነው የሚውለው፤ መምህሩ ከሦስት ሰዓት በፊት አይመጡም። ባዶ በር ላይ ይወድቃል ብዬ ነው። ምን እንዳስመጣቸው አላውቅም።»

የመምህሩ ባለቤት በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

መርማሪዋ ግንበኛውን ወደ ቤታቸው መሄድ እንደሚችሉ፣ የሚጠየቁበት ነገር እንደሌለ ነገረቻቸው። አልተነሱም። ባለቤትየው መጥተው ደረጃው ላይ አጠገባቸው ተቀመጡ።

«ወንድሜ፣ እርስዎ አላወቁም ነበር» አሉ።

«ማወቁንስ አላወቅኩም እትዬ። እጁ ግን የእኔ ነው።»

«ቃሉ ደግሞ የእኔ» አሉ ሴትየዋ።

መርማሪዋ መሐንዲሱን ይዛ ወጣች። ከውጭ ዘወር ብላ ስታይ፣ ሁለቱም ከሌላው ቀድሞ መነሳት ያቃታቸው ይመስል እዚያው ተቀምጠው ነበር።