የሐሙሱ ፖስታ

ሌላ ሴት የወደደችውን ሰው ለማየት ሰበብ ስትፈልግ ትውላለች። እኔ ሰበቡ ነበረኝ፤ ደመወዝ የሚከፈለኝ ግን ሰበቤን በየሳምንቱ እንድቀንስ ነበር። እስቲ እንዲህ ያለ ሥራ በማን ላይ ደርሶ ያውቃል!

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ሀርጌሳ ከጦርነቱ ፍርስራሽ ቀና ማለት በጀመረችበት፣ ከየጊቢው የመዶሻ ድምፅ ሲሰማ በሚውልበት ዘመን፣ ኮድቡር በሚባለው ሰፈር አንድ የቀን ማዕከል ተከፈተ። ከልጅነታቸው ጀምሮ የአእምሮ እድገታቸው የዘገየ ጎልማሶች ጠዋት እየመጡ ይውሉበታል፤ የእጅ ሥራ፣ ራስን መንከባከብ፣ መንገድ መሻገር ይማራሉ። ሥራ መያዝ ለሚፈልገው ደግሞ ቀጣሪ እንፈልግለታለን። እኔ አብሬው እሄዳለሁ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አጠገቡ እቆማለሁ፣ ቀጥሎ ሦስት እርምጃ እርቃለሁ፣ ከዚያ በር ላይ፣ ከዚያ ከመንገዱ ማዶ፣ በመጨረሻ ጭራሽ እቀራለሁ። እኔ ስቀር ነው ሥራዬ ተሳካ የሚባለው።

ታጁ ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር። ከታላቅ እህቱ ከቢልቂስ ጋር ከድሬዳዋ የመጣ ነው፤ እሷ ዋሄን ገበያ ልብስ ትሸጣለች። ሲናገር ይዘገያል፣ ፊደል አይለይም፣ ሲያጣድፉት ግራ ይገባዋል። ጢሙን ሙሉ አብቅሎ ሳለ ሰፈሩ «ልጁ» ነው የሚለው። ይሄ እሱን ያናድደዋል፣ እኔን ደግሞ ከእሱ በላይ ያናድደኛል። ሥራ ልፈልግለት ስዞር ሦስት ነጋዴዎች መለሱኝ። አንደኛውማ ታጁ ፊቱ ቆሞ እያየው «አይማታም?» ብሎ እኔን ጠየቀኝ።

አራተኛው ሙሰዓብ ነበር። የወሎ ሰው ነው። ግማሽ ግድግዳው አዲስ፣ ግማሹ በጥይት የተበሳሳ ቤት ተከራይቶ ላውንደሪ ከፍቷል፤ የሆቴሎችን አንሶላና የአየር መንገድ ሠራተኞችን ሸሚዝ ያጥባል። ስለ ታጁ ብዙ ልናገር ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን እኔን አልፎ ታጁን አየውና «ሻይ በስንት ስኳር ነው የምትጠጣው?» አለው። ታጁ አሰበ፣ አሁንም አሰበ፣ «በሦስት» አለ። ሙሰዓብ እስኪመልስለት ድረስ ሳይቸኩል ጠበቀው። እኔን የጀመረኝ ያኔ ነው።

በማግስቱ ስንሄድ በየሸሚዙ አንገት ውስጥ ባለ ቀለም ክር ሰፍቶ አገኘነው። ቀይ ክር ያለው የአንዱ ደንበኛ፣ አረንጓዴው የሌላው። በፊት የባለቤቱ ስም የተጻፈበት ወረቀት ነበር የሚያያዘው፤ ታጁ ደግሞ ማንበብ አይችልም። «እኔም የሰው ስም ስለምረሳ ነው» አለን። ውሸቱን ነው፣ የሚረሳው ስም የለም። ታጁ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ሸሚዝ አላቀያየረም።

አንድ ነገር ብቻ ያበሳጨኝ ነበር። ሙሰዓብ «እህቴ» ነው የሚለኝ። ተቀመጪ እህቴ፣ ሻይ ጠጪ እህቴ። ወላሂ እህትነት እንደዚያ ሰሞን አስጠልቶኝ አያውቅም። ግን ደግሞ እኔን ሲያናግር አንዱን ኮሌታ ሦስቴ ሲተኩስ አየዋለሁ። ዓይናችን ሲገጣጠም ሁለታችንም ወደ ታጁ እንዞራለን፣ ያስቸገረን እሱ ይመስል።

ወንድሜ ሙሐመድአወል አየር ማረፊያ ጭነት ክፍል ይሠራል፤ የምኖረው ከእሱ ጋር ነው። ደግ ሰው ነው፣ ያለ ጉዳይ በወንድ ሱቅ ደጃፍ መቆምን ግን ለማንም እህት አይፈቅድም። «ሥራ ነው» ስለው ዝም ይላል። ስለዚህ ሥራው ካለቀ ሙሰዓብን የማይበት መንገድ እንደሚያልቅ አውቄዋለሁ።

እናም አጠፋሁ። በስድስተኛው ሳምንት ከመንገዱ ማዶ መሆን ሲገባኝ አሁንም ከጠረጴዛው አጠገብ ነበርኩ። ታጁ አሳምሮ ያጠፈውን አንሶላ ጫፉን ፈትቼ «እዚህ ጋ ትንሽ...» እለዋለሁ።

«ልክ ነበር፣ ፋሪዳ» አለኝ አንድ ቀን።

ልክ ነበር። አንሶላውን መልሼ አጠፍኩት።

ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ሙሰዓብ ፎርም ይሞላል። ጥያቄው አንድ ነው፤ ሠራተኛው ብቻውን ይሠራል ወይስ በእርዳታ? ሞልቶ በፖስታ ያሽግና ይሰጠኛል፣ እኔም ሳልከፍት ለኃላፊያችን ለሆዳን አደርሳለሁ። ቀጣሪው እንዳያፍር ተብሎ የወጣ ደንብ ነው። አሥራ ሁለት ሳምንት ሞልቶ መልሱ «በእርዳታ» ከሆነ ሰውየው ወደ ማዕከሉ ይመለሳል፣ ቦታው ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ሰው ይሰጣል።

አሥራ ሁለተኛው ሐሙስ ላይ ሆዳን አስጠራችኝ። የሀርጌሳ ልጅ ናት፤ ውጭ ተምራ ለመልሶ ግንባታው የተመለሰች፣ ቀልድ የማታውቅ ሴት። ፎርሞቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ሁሉም «በእርዳታ» ይላሉ። የእኔም ሪፖርት «ክትትል ይፈልጋል» እንደሚል አስታወሰችኝ። ታጁ ከቅዳሜ ጀምሮ ሥራውን እንደሚያቆም ነግራኝ ወደ ሌላ ፋይል ዞረች።

ወደ ላውንደሪው እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ሙሰዓብ እየተኮሰ ነበር።

«ታጁ ምን አጠፋ?» አልኩት።

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ብቻውን አይሠራም ብለህ ጻፍክ? ከሥራው አስወጡት እኮ!»

ፊቱ ተለዋወጠ። ደንቡን አያውቅም ነበር፤ ፎርሙ ለወግ ያህል የሚሞላ ወረቀት ይመስለው ነበር። ካውያውን አስቀመጠ።

«ብቻውን ይሠራል ብዬ ብጽፍ አንቺ ትቀሪያለሽ» አለ። እህቴ አላለኝም።

ስንት ወር ልሰማው የተመኘሁትን ነገር የሰማሁት እንዲህ ነው። ደስ አለኝ፣ በመደሰቴም አፈርኩ። እሱ በወረቀት ያደረገውን እኔ በአንሶላ ጫፍ አድርጌዋለሁና የምቆጣበት አፍ አልነበረኝም።

ሊደርቁ ከተሰጡት አንሶላዎች ኋላ ታጁ ወጣ። ለካ ሁሉንም ሰምቷል። ያቀፈውን ልብስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሊናገር እንደሆነ ስላወቅን ጠበቅነው።

«እኔ እችላለሁ» አለ። «አንተ ታውቃለህ። አንቺም ታውቂያለሽ። እናንተ ስለተፈላለጋችሁ እኔ ሥራ ልጣ?»

ሙሰዓብ ከጠረጴዛው ኋላ ወጥቶ ፊቱ ቆመ። «አጥፍቻለሁ፣ ታጁ። ይቅር በለኝ።»

«መጀመሪያ አስተካክለው» አለው ታጁ።

በዚያው ሰዓት ሦስታችንም ሆዳን ዘንድ ሄድን። እዚህ ላይ ጉዴ ፈላ። የሙሰዓብ ሶማልኛ ከገበያ አያልፍም፣ ሆዳን ደግሞ አማርኛ አትሰማም። ስለዚህ «የዋሸሁት እሷን ስለወደድኩ ነው» የሚለውን ለኃላፊዬ የተረጎምኩት እኔው ነኝ! ጆሮዬ ድረስ እየነደድኩ አንዱንም ሳላስቀር ተረጎምኩ፤ የራሴንም ጥፋት ጨመርኩበት። ሆዳን እስክሪብቶዋን ከደነች። ከዚህ በኋላ የሁለታችንንም ቃል እንደማትቀበል፣ ቅዳሜ ራሷ ሄዳ ታጁን እንደምታየው፣ እኔ በዚያ መንገድ ዝር እንዳልል ነገረችን።

ቅዳሜ ማዕከሉ ውስጥ ስንቆራጠጥ አረፈድኩ። ወደ ቀትር ሆዳን ተመለሰች። ከመደርደሪያው ፊት ቆማ ልታይ ብትል ታጁ በድሬዳዋ ሶማልኛው «ወይ ጫፉን ያዢልኝ፣ ወይ ከመንገድ ተነሺልኝ» አላት አሉ። ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ አንሶላ ስትይዝለት ቆይታለች። ታጁ ሥራው ላይ እንደሚቆይ ነገረችኝና አስከትላ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጠችኝ። በሥራ ስም ወደዚያ ሱቅ መሄዴ አበቃ። ደብዳቤው ይገባኝ ስለነበር ፈርሜ ተቀበልኩ።

ሁለት ወር ሙሰዓብን አላየሁትም። ታጁ አልፎ አልፎ ማዕከሉን ሊጠይቅ ሲመጣ ወሬ ያቀብለኛል። አንድ ቀን ሙሰዓብ ሸሚዝ በካውያ አቃጠለ አለኝ። ለምን ስለው «ስለ አንቺ እየጠየቀኝ ነበር» አለ። እንዲህ ያለው ወሬ ለሳምንት ያህል ስንቅ ይሆነኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ቤታችን ሽማግሌ መጣ። የሙሰዓብ ዘመድ ሁሉ ወሎ ነው፤ እዚህ ማንም የለውም። የላካቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ የላውንደሪውን ቤት ያከራዩት ሽማግሌው አደን፣ በጦርነቱ ኢትዮጵያ ተሰደው አማርኛ የለመዱ ሰው። ሌላው ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጢሙን ተስተካክሎ፣ ታጁ ነበር።

ወንድሜ ታጁን ሲያይ ትንሽ ደንገጥ አለ፣ ግን ሁለቱንም በክብር አስቀመጠ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ቆሜያለሁ። አደን ስለ ሙሰዓብ ሃይማኖት፣ ጠባይና ትጋት ብዙ ተናገሩ። ወንድሜ ሰማና «ጉድለቱስ?» አለ። አደን «እኔ አላየሁበትም» አሉ።

«አለው» አለ ታጁ።

አደን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዋሽቶብኛል» አለ ታጁ። «ሥራዬን ሊያሳጣኝ ነበር። ከዚያ ሄዶ እውነቱን ተናገረ። እውነቱን ከተናገረ እሷ እንደምትቀር ያውቃል። እያወቀ ተናገረ። ይቅር ብዬዋለሁ።»

ወንድሜ ቀስ ብሎ ወደ ታጁ ዞረና «አንተ ብትሆን እህትህን ትሰጠዋለህ?» ብሎ ጠየቀው። አደን ሊመልሱለት ሲሉ በእጁ ምልክት ሰጥቶ አስቆማቸው። ታጁን ይጠብቅ ነበር።

«ስለ እኔ ሲወስኑ እኔን አይጠይቁኝም ነበር» አለ ታጁ። «ፋሪዳን ጠይቃት።»

በእኛ ልማድ የልጅቷ ዝምታ እንደ እሺታ ይቆጠራል። ወንድሜ መጋረጃውን እያየ ቢወስን ማንም አይወቅሰውም ነበር። እሱ ግን በስሜ ጠራኝ። ወጥቼ ፊታቸው ቆምኩ።

«ትፈልጊዋለሽ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩ። ድምፄ ስላልወጣ ማንም አልሰማኝም፤ ሦስቱም ሳይቸኩሉ ጠበቁኝ። ደግሜ፣ ጮክ ብዬ «አዎ» አልኩ።